ጉዞ በሙሉ ትጥቅ ምንድን ነው?

ስለ ወታደር የአካል ብቃት ሲነሣ ብዙዎቻችን ቀድሞ የሚታወሰን ሩጫ ነው። ለዚህም በቂ ምክንያት አለን፤ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶን ያሸነፈው አበበ ቢቂላም ሆነ በ1968 ሜክሲኮ ላይ ያሸነፈው ማሞ ወልዴ የክብር ዘበኛ ወታደሮች ነበሩ። ይሁን እንጂ እግረኛ ወታደር ከመሮጥ ይልቅ በአብዛኛው የሚሠራው ሥራ ተሸክሞ መሄድ ነው። ጉዞ በሙሉ ትጥቅ የሚባለው ሥልጠና የመጣውም ከዚሁ ነው፤ ወታደሩ መሣሪያውን፣ ጥይቱን፣ ውኃውንና ስንቁን ይዞ፣ የተወሰነ ርቀት በተወሰነ ሰዓት በእግሩ አቋርጦ፣ ሲደርስም ለውጊያ የሚበቃ ጉልበት ተርፎት እንዲገኝ የሚያደርግ ልምምድ ነው። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ከተዘነጋ ጉዞው ተራ የሸክም ሥራ ይሆናል።

ልምምዱ ጥንታዊ ነው። የሮማ ሠራዊት ምልምሎች 20 የሮማ ማይል፣ ማለትም ወደ 30 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ፣ በአምስት የበጋ ሰዓታት (ሮማውያን የቀኑን ብርሃን ለ12 ስለሚከፍሉ የበጋ ሰዓታቸው ከዛሬው ሰዓት ይረዝም ነበር) እንዲጓዙ ይጠየቁ ነበር፤ እስከ 20 ኪሎ የሚደርስ ሸክም ይዘውም ይለማመዱ ነበር። በእኛ አገር ነገሩ የተለየ መልክ ነበረው። በ1888 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ዐድዋ ድረስ የዘመተው ሠራዊት በእግሩ ያቋረጠው መንገድ ለየትኛውም ዘመናዊ ጦር ፈተና የሚሆን ነው፤ ከስንቁ የሚበዛውን የተሸከሙት ግን በቅሎዎች፣ አህዮች፣ አገልጋዮችና አብረው የዘመቱ ሴቶች ነበሩ። የዛሬው ወታደር መኪና በማይገባበት ቦታ ስንቁንም ትጥቁንም የሚይዝለት ሌላ ሰው የለውም።

መኪናና ሄሊኮፕተር ባለበት ዘመን ይህ ሥልጠና ለምን ቀረ አልተባለም? ከሁሉ የተሻለውን መልስ የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1982 በእንግሊዝና በአርጀንቲና መካከል የተካሄደው የፎክላንድ ደሴቶች ጦርነት ይመስለኛል። እንግሊዞች ወታደር ለማጓጓዝ ያሰቧቸው ትልልቅ ሄሊኮፕተሮች አብዛኞቹ ከጫነቻቸው መርከብ ጋር ስለጠፉ፣ የባሕር ኃይል ኮማንዶዎች ወደ 36 ኪሎ የሚመዝን ጭነት ተሸክመው 90 ኪሎ ሜትር የሚያህል ረግረጋማና ድንጋያማ መሬት በሦስት ቀን በእግራቸው አቋረጡ። ከዚያ በኋላ ደግሞ ተዋጉ።

ሸክም ሰውነትን እንዴት እንደሚፈትን ለመረዳት በቁጥር ማሰብ ይረዳል። ክላሽንኮቭ ከነካዝናው ወደ 4 ኪሎ ይመዝናል፤ ጥይት የጎረሰ አንድ ካዝና ከ800 ግራም አያንስም፤ አራት ካዝናና ሁለት ሊትር ውኃ ሲጨመር የራስ ቁር፣ ጥይት መከላከያ፣ ምግብና ልብስ ገና ሳይቆጠር ወደ 10 ኪሎ ተጠግቷል። ጠቅላላው 25 ኪሎ ቢደርስ፣ 75 ኪሎ ለሚመዝን ሰው የሰውነቱ ሲሶ፣ 50 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ግን የሰውነቱ እኩሌታ ነው። በሩጫ ሁሉንም የሚቀድመው ቀጭን ምልምል በሸክም ጉዞ ወደ ኋላ ሲቀር የሚታየው በዚህ ምክንያት ነውና፣ ሰነፍ ብሎ መፍረድ ስሕተት ነው፤ የጎደለው ትንፋሽ ሳይሆን የእግር፣ የወገብና የትከሻ ጡንቻ ነው።

መሬቱም የራሱን ድርሻ ይጨምራል። እ.ኤ.አ. በ1977 ፓንዶልፍ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ባወጣው ቀመር መሠረት፣ ልቅ አሸዋ ላይ መራመድ የሚጠይቀው የእንቅስቃሴ ጉልበት አስፋልት ላይ ከሚጠይቀው ከእጥፍ በላይ ነው። ዳገት ትንፋሽን ሲያስጨርስ ቁልቁለት ደግሞ ጉልበትን ይጎዳል፤ አማርኛ ለመገጣጠሚያውም ለኃይሉም አንድ ቃል መስጠቱ እዚህ ላይ ትክክል ሆኖ ይገኛል። ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ነገር የጫማ ክብደት ነው፤ እግር ላይ የታሰረ አንድ ኪሎ ጀርባ ላይ አምስት ኪሎ የመሸከም ያህል ያደክማል፤ ስለዚህ ከባድ ከስክስ በየእርምጃው ዋጋ ያስከፍላል።

አንድ ጠንቃቃ ሠልጣኝ ከጉዞ በፊት በነበረው ምሽት የሚያደርገውን ብናይ የሥልጠናው ግማሽ እዚያ ላይ እንደሆነ እንረዳለን። ከባድ ከባዱን ዕቃ ከቦርሳው ወገብ በላይ፣ ወደ ጀርባው አስጠግቶ ያስቀምጣል፤ ታች ከሆነ ወደ ኋላ ይጎትተዋል። የወገብ ቀበቶውን አጥብቆ ክብደቱን ወደ ዳሌው ያወርዳል፤ የትከሻው ማንጠልጠያ ብቻ ከተሸከመው ነርቭ ስለሚጫን ክንድና እጅ ይደነዝዛሉ። ከስክሱ የለመደ እንጂ አዲስ እንዳይሆን ይጠነቀቃል፤ ደረቅ ትርፍ ካልሲም ከላይ በቀላሉ በሚገኝበት ቦታ ያኖራል፤ ምክንያቱም እርጥብ ካልሲ ባደረገ እግር ላይ ውኃ መቋጠር የማይቀር ነው።

ብቃቱ የሚገነባው ቀስ በቀስ ነው። ጀማሪ በ10 ኪሎ አካባቢና በአጭር ርቀት ይጀምራል፤ ከዚያ ክብደት፣ ርቀት ወይም ፍጥነት አንዱ ብቻ በየተራ ይጨመራል እንጂ ሦስቱ በአንድ ጊዜ አይጨመሩም። ከባድ ጉዞ በሳምንት ወይም በዐሥር ቀን አንድ ጊዜ ይበቃል፤ በመካከሉ ሩጫ፣ ክብደት ማንሣትና ዕረፍት ይገባል። ጡንቻ በጥቂት ሳምንት ሲለምድ አጥንት ይዘገያል። ብራይትሃውፕት የተባለ የፕሩስያ ጦር ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1855 በሠልፍ ጉዞ እግራቸው ያበጠ ወታደሮችን ሕመም መዝግቦ ነበር፤ ሕመሙ የአጥንት ስንጥቅ መሆኑ የታወቀው ራጅ ከተፈለሰፈ በኋላ ነው። ዛሬም ምልምሎችን ከሥልጠና ከሚያስወጡ ጉዳቶች አንዱ ይኸው ነው። ጉዞን ለቅጣት የሚያውሉ አሠልጣኞችን የምቃወመው በዚህ ምክንያት ነው፤ የተቀጣው ሰው በማግሥቱ ከመደበኛው ሥልጠና ጋር ተደራርቦበት ይጎዳል። እንደ ሁርሶ ባለ ሞቃት ቆላ ሲሆን ደግሞ ሰዓቱን ወደ ንጋት ማምጣትና ውኃ በየጊዜው ማስጠጣት ግዴታ ነው፤ በሙቀት የተመታ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ካልቀዘቀዘ ሊሞት ይችላል።

መመዘኛው እንደየአገሩ ይለያያል። በአሜሪካ ጦር የእግረኛ ወታደር የብቃት ባጅ ለማግኘት 16 ኪሎ የሚጠጋ ቦርሳ ይዞ 19 ኪሎ ሜትር በ3 ሰዓት መጨረስ ያስፈልጋል። በእስራኤል ዘመድ ያላቸው አንባቢዎች ደግሞ «ማሳ ኩምታ» ሲባል ሳይሰሙ አይቀሩም፤ ሠልጣኞች የክፍላቸውን ቆብ የሚቀበሉበት የሥልጠና መዝጊያ ጉዞ ሲሆን፣ ቃሬዛ በየተራ እየተሸከሙ የሚሄዱበት ክፍል አለው። ሰዓትን ብቻ የሚቆጥር ፈተና ግን ሸክም ይዞ መሮጥን ያበረታታል። ስለዚህ ጉዞው እንዳለቀ ወዲያው ተኩስ ወይም ቁስለኛ ማንሣት የሚያስከትሉ አሠልጣኞች የተሻለ መለኪያ ይዘዋል፤ ከዚያም ሠልጣኞቹ ተቀምጠው ከስክሳቸውን እንዲያወልቁ ያዝዙና የእያንዳንዱን እግር ጎንበስ ብለው ያያሉ።