በአሜሪካ የሥራ ቦታ ንግግርን በድብቅ መቅዳት

በአሜሪካ ከአለቃ ወይም ከባልደረባ ጋር የተደረገ ንግግርን በድብቅ መቅዳት በአንዱ ስቴት የተፈቀደ ነው፤ ድንበር ተሻግረው ከተገኙ ግን ሊያሳስር ይችላል።

የፌደራሉ ሕግ መነሻ እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው የስልክ ጠለፋ ሕግ ነው። በዚህ ሕግ ከተነጋጋሪዎቹ የአንዱ ፈቃድ ይበቃል፤ ያ አንዱ ራሱ ቀጂው ሊሆን ይችላል። ስልክን ስብሰባ ክፍል ውስጥ ደብቆ፣ ወጥቶ ሌሎች በግል የሚያወሩትን መቅዳት ግን ሌላ ነገር ነው። ፈቃድ የሰጠ ተነጋጋሪ ስለሌለ የፌደራል ወንጀል ነው።

ቨርጂኒያ፣ ዋሽንግተን ዲሲ፣ ቴክሳስ፣ ጆርጂያ፣ ሚኒሶታና ኮሎራዶ የፌደራሉን መንገድ ይከተላሉ። ሜሪላንድ፣ ካሊፎርኒያና ዋሽንግተን ስቴት የሁሉንም ተነጋጋሪ ፈቃድ ይጠይቃሉ። ኔቫዳ ደግሞ ፊት ለፊት ለሚደረግ ንግግር የአንዱን፣ ለስልክ ግን የሁሉንም ፈቃድ ትፈልጋለች።

ለዲሲ አካባቢ አበሻ ይህ የዕለት ተዕለት ጉዳይ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ አሌክሳንድሪያ አድሮ፣ ዲሲ ሠርቶ፣ ማታ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚገኝ ሰው በአንድ ቀን ሦስት ሕግ ያቋርጣል። በሜሪላንድ ቅጣቱ እስከ 5 ዓመት እስርና እስከ 10,000 ዶላር ይደርሳል። የተቀዳውም ነገር በማስረጃነት አይቀርብም። ሠራተኛው እውነቱን ይዞ ራሱ ተከሳሽ የሚሆንበት ዕድል መኖሩ በጣም ያሳዝነኛል።

የታወቀው ምሳሌ ሊንዳ ትሪፕ ናት። የፔንታጎን ባልደረባዋ ከነበረችውና ከፕሬዚዳንት ክሊንተን ጋር በነበራት ግንኙነት ከታወቀችው ከሞኒካ ሉዊንስኪ ጋር በስልክ ያወራችውን ሜሪላንድ ቤቷ ሆና ቀዳች። በ1999 ስቴቱ ከሰሳት። በ2000 ፍርድ ቤቱ ዋናውን ማስረጃ ውድቅ ስላደረገው ክሱ ተቋረጠ።

የስልክ ጥሪ ስቴት ሲሻገርስ? የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2006 መልስ ሰጥቷል። የአንድ የአክሲዮን ደላላ ድርጅት የአትላንታ ቢሮ የካሊፎርኒያ ደንበኞቹን ሳያሳውቅ ይቀዳ ነበር። ፍርድ ቤቱ ጥብቁ የካሊፎርኒያ ሕግ ይሠራል አለ። በዚያ ስቴት የተቀዳው ሰው በእያንዳንዱ ጥሰት 5,000 ዶላር ሊጠይቅ ይችላል።

መቅዳቱ ወንጀል ባይሆንም እንጀራ ሊያሳጣ ይችላል። በአብዛኛው የአሜሪካ የሥራ ግንኙነት አሠሪው ያለ ብዙ ምክንያት ማሰናበት ይችላል። የድርጅቱ ደንብ መቅዳትን ከከለከለም ያንኑ ይጠቅሳል። እዚህ ላይ የተወሰነ መከላከያ አለ። የሠራተኞችን በጋራ የመንቀሳቀስ መብት የሚያስጠብቀው የፌደራል መሥሪያ ቤት፣ ብሔራዊ የሠራተኛ ግንኙነት ቦርድ፣ በ2015 ሆል ፉድስ የተባለው የምግብ መደብር ድርጅት መቅዳትን በጅምላ መከልከሉን ሕገወጥ ብሎታል፤ የይግባኝ ፍርድ ቤት በ2017 አጽንቶታል። ምክንያቱም ሠራተኞች ስለ ደመወዛቸውና ስለ ሥራ ሁኔታቸው በጋራ ለመንቀሳቀስ ሲሉ መቅዳታቸው ጥበቃ ሊያገኝ ስለሚችል ነው። ቦርዱ በ2017 መጨረሻ ለአሠሪዎች ላላ፣ በ2023 ደግሞ መልሶ አጠበቀ። ስለዚህ የቆየ ውሳኔ ብቻ ይዞ መተማመን አያዋጣም።

በሁሉም ስቴት የሚሠራው ግን ጽሑፍ ነው። ንግግሩ እንዳለቀ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የተባለውንና የነበረውን ሰው መመዝገብ። ከዚያ ለአለቃው «ዛሬ እንዲህ ብለውኛል፣ በትክክል ተረድቼ ከሆነ ያረጋግጡልኝ» ብሎ ኢሜይል መላክ። እንግሊዝኛው የማይቀናው ሰው አጭር አድርጎ ቢጽፈውም ይበቃል። ጉዳዩ አድልዎ ወይም ትንኮሳ ከሆነ ለፌደራሉ የእኩል የሥራ ዕድል ኮሚሽን አቤት ይባላል። ጊዜው ድርጊቱ ከተፈጸመ በኋላ 180 ቀን ነው፤ አድልዎን የሚከለክል የአካባቢ ሕግና የሚያስፈጽመው ቢሮ ባለበት ደግሞ 300 ቀን።