ሆሜርን በግሪክኛው ማንበብ፦ የሚወራውና እውነታው

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የጥንት ግሪኮችን ሥነ ጽሑፍ በራሳቸው ቋንቋ እማራለሁ ያለ ሰው የሚሰማው ነገር ሁሌ ያው ነው። እኔም ሰምቼዋለሁ። እስቲ አንድ በአንድ ልመልስ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

«ሁሉም ተተርጉሟል፤ ምን አደከመህ?»

ዋናው ይሄ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ጥሩ ትርጉሞች ሞልተዋል። ግን የጥንቱ ግሪካዊ ባለቅኔ ሆሜር ስለ ጦርነት የገጠመውን የ«ኢልያድን» የመጀመሪያ ቃል ብቻ እንይ፤ «ሜኒን» ይላል። እንግሊዝኛው አብዛኛውን ጊዜ «ቁጣ» ብሎ ያልፈዋል። በኢልያድ ውስጥ ግን ይህ ስም የአማልክት ቁጣ ነው፤ ከሰው ወገን የሚነገረው ለግጥሙ ጀግና ለአኪሌስ ነው። ስለዚህ ተራ ንዴት አይደለም፣ ከላይ ወርዶ ሠራዊት የሚፈጅ ነገር ነው። እኛ ለዚህ ቃል አለን፦ መዓት። «የእግዚአብሔር መዓት» ሲባል ማንም ንዴት አይመስለውም። ደግሞ «የሰው መዓት» ስንል ስፍር ቁጥር የሌለው ብዛት ማለታችን ነው፤ ሆሜርም እዚያው ሁለተኛው መስመር ላይ ይህ ቁጣ ግሪኮቹ ላይ የጫነውን እልፍ መከራ ያነሳል። ይህን ሳገኝ መጽሐፉን ዘግቼ ብዙ ቆየሁ። በትርጉም ብቻ ባነብ ኖሮ አላገኘውም ነበር።

በሌላው የሆሜር ግጥም በ«ኦዲሲ» ላይ ደግሞ ጀግናው ገና በመጀመሪያው መስመር «ፖሉትሮፖስ» ይባላል። ቃሉ ሲፈታ «ብዙ መዞሪያ ያለው» ነው። ብዙ አገር የዞረ ማለት ነው ወይስ ብዙ ዘዴ የሚያውቅ? ግሪክኛው ሁለቱንም ይዟል፤ ተርጓሚው ግን መምረጥ አለበት። ኮምፒውተር ቢተረጉመውም ያው መምረጡ አይቀርም።

«ሰዋስዉ አይቻልም»

ከባድ ነው፣ አልዋሽም። የመጀመሪያው ዓመት በአብዛኛው የግስ ርባታ መሸምደድ ነው። ከዚያም በኋላ አንዲት ገጽ ፕላቶ ሙሉ ማታህን ልትበላ ትችላለች። ክፍል ውስጥ ደግሞ ተራህ ሲደርስ መተርጎም ብቻ አይበቃም፤ ይህ ግስ ከምን መጣ፣ ለምን እንዲህ ሆነ ትባላለህ።

ግን አማርኛ ተናጋሪ ባዶ እጁን አይገባም። «ልጁ ውሻውን መታው» ብንልም «ውሻውን ልጁ መታው» ብንልም ማን ማንን እንደመታ እናውቃለን፣ ምክንያቱም «ን» አለች። ግሪክኛም የቃላቱን ቦታ እንደልቡ የሚያቀያይረው በእንዲህ ዓይነት የቃል መጨረሻ ነው፤ «አንትሮፖስ» ሰው፣ «አንትሮፖን» ሰውን። (ሁለቱ «ን»ዎች ዝምድና የላቸውም፣ አጋጣሚ ነው፤ ግን እንዴት ደስ ይላል!) እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች የሚቸገሩበት ሌላ የግስ ዓይነት አለ፤ «ሉኦ» አጥባለሁ፣ «ሉኦማይ» እታጠባለሁ። አጠበና ታጠበን ለሚያውቅ ሰው ይሄ ምኑ ይከብዳል? የሆሜር ስንኝ ደግሞ የሚለካው በረጅምና በአጭር ቀለም ነው፤ ተነባቢው ሲደረብ ቀለሙ ይረዝማል። «ገና» ጠብቆ በዓል፣ ላልቶ ጊዜ መሆኑን የለመደ ጆሮ ይህን ቶሎ ይይዘዋል። ፊደሉ 24 ብቻ ነው። ከሀ እስከ ፐ ሰባት ሰባት እየቆጠረ ያደገን ሰው አያስፈራም።

«በልጅነቱ ያልጀመረ አይገባም»

ድሮ በብዙ ቦታ እውነት ነበር። አሁን ኦክስፎርድ እንኳ ግሪክኛም ላቲንም ለማያውቁ ከዜሮ የሚጀመርበት መንገድ አለው። ፕሪንስተን በ2021 በክላሲክስ (በጥንታዊ ግሪክና ሮም ጥናት) ዲግሪ የሚይዙ ተማሪዎቹን ግሪክኛ ወይም ላቲን ተማሩ ብሎ ማስገደድ ትቷል። በሩ መከፈቱን እወደዋለሁ። ግን ሆሜርን የፈለገ ሰው ቋንቋውን ይማር፤ እዚህ ላይ አቋራጭ የለም።

«የዛሬ ግሪኮች ዝም ብለው ያነቡታል»

አያነቡትም። ትምህርት ቤት ይማሩታል እንጂ ሆሜር ለእነሱም ጥናት ይፈልጋል።

«ያለው ተነቧል፤ አዲስ ነገር የለም»

ይሄ በጣም የተሳሳተ ነው። ሶፎክልስ ከመቶ በላይ ተውኔት ጽፎ ሙሉ ሆነው የደረሱን 7 ናቸው። የጠፋው ብዙ ስለሆነ ፍለጋው አላበቃም። ግብፅ ውስጥ ኦክሲሪንኩስ በምትባል ከተማ የጥንት ቆሻሻ ክምር ውስጥ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ መውጣት የጀመሩት ፓፒረሶች (ከደንገል የተሠሩ የጥንት ወረቀቶች) እስካሁን ከ80 በላይ ቅጽ ታትመው አላለቁም። የሜናንደር «ዲስኮሎስ» የተባለው ኮሜዲ፣ እሱም ከግብፅ በመጣ ፓፒረስ፣ ሙሉው የታተመው በ1958 ነው። ከሁሉ የሚገርመኝ ከጣሊያኗ ጥንታዊት ከተማ ከሄርኩላኔም የተገኙት የጽሑፍ ጥቅልሎች ናቸው። በ79 ዓ.ም. የቬሱቪየስ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ ከሰል ያደረጋቸው፣ ቢነኩ የሚፈርሱ ናቸው። በራጅና በኮምፒውተር ሳይገለጡ መነበብ ጀምረዋል፤ በ2023 አንድ ተማሪ ያወጣው የመጀመሪያ ቃል «ሐምራዊ» የሚል ነበር። ማሽኑ ፊደሉን ያወጣል፤ ጽሑፉ ምን እንደሚል የሚፈርዱት ግን ግሪክኛ የተማሩ ሰዎች ናቸው። ያንን ወንበር የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል።

«ሆሜር ስለ እኛ ጽፏል»

ይሄኛው የእኛው ነው። ሆሜር «ነውር የሌለባቸው ኢትዮጵያውያን» ማለቱ እውነት ነው፤ የአማልክቱ አለቃ ዜውስ ለግብዣ ወደ እነሱ ይሄዳል። ግን እሱ የሚያስቀምጣቸው በዓለም ዳርቻ፣ ፀሐይ በምትወጣበትና በምትገባበት ነው። በኋላም ቃሉ በጥቅሉ ከግብፅ በስተደቡብ ላሉ ጥቁር ሕዝቦች፣ በተለይ በዛሬዋ ሱዳን ለነበረው ለኩሽ መንግሥት ሰዎች፣ ይነገር ነበር። የዛሬዋን አገር ማለቱ አልነበረም። ስሙ ወደ እኛ የመጣበትን መንገድ ማየት የፈለገ አክሱም ይሂድና የኢዛናን ድንጋይ ያንብብ። 4ኛው ክፍለ ዘመን ላይ ንጉሡ በግዕዝም በግሪክኛም አስቀርጿል፤ ሌላው ጽሑፍ የሐበሻን ስም በያዘበት ቦታ ላይ ግሪክኛው «አይቲዮፖን» ይላል።