የብዝኃ ሕይወት ማካካሻ ምንድን ነው?

ወሎ ውስጥ አዲስ መንገድ ሊወጣ ነው ሲባል ቀድሞ የሚነሳው ወሬ ካሳ ነው። ማሳው ይለካል፣ ባሕር ዛፉ ይቆጠራል፣ ብሩ ይከፈላል። ባሕር ዛፉ ላይ ጎጆ የሠራችውን ወፍ ግን ማንም አይቆጥራትም። የብዝኃ ሕይወት ማካካሻ የሚባለው እሷንም ለመቁጠር የሚደረግ ሙከራ ነው።

አንድ የማዕድን ኩባንያ ደን መንጥሮ ይቆፍራል እንበል። በምትኩ ሌላ ቦታ ያለ ተመሳሳይ ደን እንዳይጨፈጨፍ ያስጠብቃል፤ ወይም የተራቆተ መሬት እንዲያገግም ያደርጋል። ሒሳቡ ሲዘጋ ተፈጥሮ ቢያንስ እንዳትጎድል ነው።

ማካካሻ ግን የመጨረሻው እርምጃ ነው። መጀመሪያ ጉዳቱን መሸሽ፣ ያልተቻለውን መቀነስ፣ የተቆፈረውን መልሶ ማልማት ይቀድማሉ። የሚካካሰው ከዚህ ሁሉ የተረፈው ነው። መሸሽ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። የዓለም አቀፉ የማዕድንና ብረታ ብረት ምክር ቤት አባላት እ.ኤ.አ. በ2003 በዓለም ቅርስነት በተመዘገቡ ቦታዎች ላለመቆፈር ቃል የገቡት ከተፈጥሮ ጥበቃ ሰዎች ጋር ቁጭ ብለው ከተነጋገሩ በኋላ ነው።

ማካካሻው ራሱ እንዴት እንደሚሠራ ለማየት ማዳጋስካር እንሂድ። አምባቶቪ ለተባለው የኒኬልና ኮባልት ማዕድን 2,000 ሄክታር ገደማ ደን ተመነጠረ። በምትኩ ሌሎች ደኖች እንዲጠበቁ ተደረገ። በኋላ የተደረገ ጥናትም በነዚህ ደኖች ምንጠራው መቀነሱን አሳይቷል። እሰየው ነው። ግን ስንት ሄክታር እንደዳነ ለማወቅ «ጥበቃው ባይኖር ስንት ይጨፈጨፍ ነበር?» ብሎ መገመት የግድ ነው። ያልሆነ ነገር መቁጠር ማለት ነው። ግምቱን ከፍ ያደረገ ሰው ወረቀት ላይ ብዙ ደን ያድናል። ደኑ ሲከለል ደግሞ ማገዶና የእርሻ መሬት የሚያጣው በአቅራቢያው ያለው ገበሬ ነው፤ ባልበላው ዕዳ ከፋይ ይሆናል።

ጭራሽ የማይካካስም አለ። ደቡብ ወሎ፣ ቦረና ሳይንት ላይ የሚኖረውን ቀይ ቀበሮ ውሰዱ። በዓለም ላይ የቀረው 500 ገደማ ነው፤ ያውም ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ። የሚኖርበትን የጓሳ ሣር ነክቶ «ሌላ ቦታ እተካለሁ» ማለት አያስኬድም፤ ሌላው ቦታ የት ነው?

እዚያው ወሎ ውስጥ ወዳለው ደላንታ ስንመጣ ነገሩ ይለያል። ከ2000 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ወገልጤና አካባቢ ኦፓል የተባለው የከበረ ድንጋይ የሚወጣው በአብዛኛው ገደል እየፈለፈሉ በሚገቡ ወጣቶች ዶማ ነው። «አካክስ» ተብሎ የሚጠየቅ ትልቅ ኩባንያ የለም። ስለዚህ እዚያ የሚያዋጣው ከቅደም ተከተሉ ራስ መጀመር ይመስለኛል፦ የሚወጣው አፈር የት ይደፋ፣ የትኛው ምንጭ ዳር አይነካ፣ ያለቀው ጉድጓድ በማን ይደፈን የሚለውን ዶማው ከመነሳቱ በፊት ከቀበሌው ጋር መነጋገር። ለዚህ ባለሀብት አይጠበቅም።