የአየር ንብረት ክስ ምንድን ነው? ከደቻቱ ዳር ሆነን ስናየው

ድሬዳዋ ያደገ ሰው ይህን ለማወቅ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልገውም። ጎርፍ ሲመጣ ከተማው ላይ ጠብታ ላይወርድ ይችላል። ዝናቡ የጣለው ከደንገጎ በላይ፣ ደጋው ላይ ነው። እኛ ታች ቆላ ላይ ሆነን ሰማዩን ስናይ ጥርት ብሎ ሊሆን ይችላል። ደቻቱ ግን ይዞት ይመጣል። አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ሆኖ የሚከርም፣ ፍየል የሚያቋርጠው፣ ልጆች ኳስ የሚራገጡበት ወንዝ በአንድ ጊዜ ጭቃና ድንጋይ የሚያንከባልል ውሃ ይሆናል።

ሐምሌ 29 ለ30 ሌሊት 1998 ዓ.ም. የሆነው ይህ ነው። ሰው ተኝቶ ሳለ መጣ። ከ250 በላይ ሰው ሞተ። በሺዎች የሚቆጠሩ ቤት አልባ ሆኑ።

ያንን ጎርፍ በነዳጅ ኩባንያዎች ላይ ለማላከክ አይደለም ያነሳሁት። የደጋው ደን ተራቁቶ ነበር፤ ወንዙ ዳር ድረስ ቤት ተሠርቶ ነበር። ያነሳሁት ስለ አንድ ሐሳብ ለማውራት ስለሚመቸኝ ነው፦ ጉዳቱ እዚህ ይደርሳል፣ መነሻው ግን ሌላ ቦታ ነው። ታዲያ የተጎዳው ሰው ማንን ይጠይቅ?

የአየር ንብረት ክስ የሚባለው ከዚህ ጥያቄ የተወለደ ነው። ድንጋይ ከሰል፣ ነዳጅ ዘይትና የተፈጥሮ ጋዝ ሲቃጠሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። ጋዙ ሙቀት ይይዛል። ምድር ትሞቃለች፣ ድርቅና ኃይለኛ ዝናብ ይበረታሉ፣ የበረዶ ግግር ይቀልጣል። በዚህ የተነሳ የተጎዳ ወይም ሊጎዳ የተቃረበ ሰው፣ ከተማ ወይም ማኅበር ፍርድ ቤት ሄዶ «ድርሻችሁን ክፈሉ» ወይም «ብክለቱን ቀንሱ» ሲል ክሱ የአየር ንብረት ክስ ነው። መንግሥትን የሚከሱ አሉ፤ እሱ ራሱን የቻለ ትልቅ ርዕስ ነው። እኔ የማወራው ኩባንያዎችን ስለሚከሱት ነው።

ባለፈው ከከዚራ ወደ መጋላ በባጃጅ ስሻገር ይህንኑ ለሹፌሩ አጫወትኩት። ዘወር ብሎ አየኝ።

«አቦ አንተ ደግሞ! ቤንዚኑን የማቃጥለው እኔ አይደለሁ? ተሰልፌ የምቀዳው እኔ። እነሱ ሸጡ እንጂ መች አቃጠሉ?»

ክርክሩ ውሃ ያነሳል። የኩባንያዎቹ ጠበቆችም ፍርድ ቤት ቆመው የሚሉት ከዚህ ብዙ አይርቅም፦ ነዳጁን የሚያቃጥለው ሕዝቡ ነው፣ የሸጥነው በሕግ ተፈቅዶልን ነው፣ ዓለም ሁሉ ያጨሰውን ጭስ ለምን እኛ ብቻ እንሸከም?

መልሱ የሚጀምረው «ማን ምን ያውቅ ነበር?» ከሚለው ነው። የኔ ባጃጅ ነጂ የሚያውቀው የቤንዚን ዋጋ መጨመሩን ነው። ኤክሶን የተባለው የአሜሪካ ነዳጅ ኩባንያ ግን ሌላ ነገር ያውቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1977 ጄምስ ብላክ የተባለ የራሱ ሳይንቲስት ነዳጅ ማቃጠል የምድርን ሙቀት እንደሚለውጥ ለኩባንያው ኃላፊዎች አስረድቷቸዋል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የኩባንያው ባለሙያዎች ሙቀቱ ወደፊት በምን ያህል እንደሚጨምር ስሌት ሠርተው ነበር። በ2023 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት እነዚያን የቆዩ ስሌቶች ከደረሰው ሙቀት ጋር አስተያይቶ አብዛኞቹ ትክክል ሆነው አገኛቸው። በኋላ ግን ያው ኩባንያ ሳይንሱ ገና አልተረጋገጠም የሚሉ ማስታወቂያዎችን በጋዜጣ ያወጣ ነበር። ኤክሶን ሰው አላሳሳትኩም ይላል። ከሳሾቹ ደግሞ ሰነዱን ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣሉ።

ይህ መንገድ ከሲጋራ ኩባንያዎች ጉዳይ የተወረሰ ነው። እነሱም «የሚያጨሰው ሰውዬው ነው» ይሉ ነበር። የውስጥ ሰነዳቸው ወጥቶ ጉዳቱን እያወቁ መደበቃቸው ሲታይ ነገሩ ተገለበጠ። በ1998 እ.ኤ.አ. ከ46 የአሜሪካ ግዛቶች ጋር ተስማምተው በ25 ዓመት ውስጥ ከ200 ቢሊዮን ዶላር በላይ ለመክፈል ፈረሙ። መሸጥ ብቻውን ጥፋት አይደለም። እያወቁ ገዢውን ማታለል ግን ጥፋት ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ የድርሻ ነው። ለኔ የዚህ ጉዳይ እምብርት እሱ ነው። በጭሱ ውስጥ የሁሉም ሰው እጅ አለበት። «የሁሉም ከሆነ የማንም አይደለም» የሚል ሰው ይኖራል። ይህን አባባል አልቀበለውም፤ እዚህ አካባቢ ያደገ ሰውም የሚቀበለው አይመስለኝም።

ለምን? ኢሳ በሚባሉት የሶማሌ ጎሳዎች ዘንድ ሄር ኢሴ የሚባል ያልተጻፈ ሕግ አለ። በ2024 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ አስፍሮታል። በእንዲህ ያለው ሥርዓት፣ በኦሮሞው ጉማም እንደዚያው፣ የደም ካሳ ሲወሰን የሚከፍለው ገዳዩ ብቻ አይደለም። ጎሳው ያዋጣል። ሽማግሌዎች ተቀምጠው ድርሻ ያወጣሉ። «እኔ ብዙ አላጠፋሁም» ብሎ የሚነሳ የለም፤ የሚነሳው «ድርሻዬ ስንት ነው?» ብሎ ነው። በመዋጮ መካስ ለኛ እንግዳ ነገር አይደለም።

አንድ የፔሩ ገበሬ ጀርመን ድረስ ሄዶ የጠየቀውም እንዲህ ያለ ድርሻ ነው። ሳውል ሉሲያኖ ዩያ ይባላል። ገበሬም የተራራ አስጎብኚም ነው። ቤቱ ያለው ዋራዝ በምትባል ከተማ፣ ከአንዲስ ተራሮች ሥር ነው። ከከተማዋ በላይ ፓልካኮቻ የሚባል ሐይቅ አለ። በ1941 እ.ኤ.አ. ሐይቁ ግድቡን ጥሶ ወርዶ ከሺህ በላይ ሰው ገድሏል። አሁን ደግሞ በላዩ ያለው የበረዶ ግግር እየቀለጠ ሐይቁ ሞልቷል። ከላይ የሚመጣ ውሃ ምን ማለት እንደሆነ ለድሬ ሰው አላስረዳም።

ሰውየው በ2015 እ.ኤ.አ. አርደብልዩኢ የተባለውን ግዙፍ የጀርመን የኤሌክትሪክ ኩባንያ ዋና መሥሪያ ቤቱ ባለበት በኤሰን ከተማ ከሰሰ። ኩባንያው ፔሩ ውስጥ ከሰል አላቃጠለም። ግን ከኢንዱስትሪው ዘመን ጀምሮ ከወጣው የዓለም በካይ ጋዝ ውስጥ ድርሻው 0.47 በመቶ እንደሆነ ተሰልቶ ነበር። ስለዚህ ሰውየው ሁሉንም ክፈሉ አላለም። ከጎርፍ መከላከያው ወጪ 0.47 በመቶውን፣ ወደ 17 ሺህ ዩሮ ብቻ ጠየቀ። ለእንዲህ ያለ ኩባንያ ይህ ገንዘብ ምንም ማለት አይደለም። ኩባንያው ግን አሥር ዓመት ሙሉ ተከራከረ። ዛሬ 17 ሺህ ከከፈለ ነገ ማን በሩን እንደሚያንኳኳ ያውቃላ!

የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ክሱን ጣለው። ሰውየው ይግባኝ አለ። የሐም ከተማ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2017 ማስረጃ ይሰማ አለ። በ2022 ዳኞቹና ባለሙያዎቹ ከጀርመን ተነስተው ዋራዝ ድረስ ሄዱ። ሐይቁን አዩ፣ ቤቱን አዩ። ይህን ሳነብ ቆም ብዬ አሰብኩ። ዳኛ ከአውሮፓ መጥቶ የአንድ ገበሬ ደጃፍ ላይ ቆሞ «ውሃው በየት በኩል ነው የሚመጣው?» ሲል።

ግንቦት 2025 እ.ኤ.አ. ፍርዱ ወጣ። ገበሬው ተሸነፈ። በሚቀጥሉት 30 ዓመታት ጎርፉ ቤቱ የመድረስ ዕድሉ 1 በመቶ ገደማ ነው፣ ይህ አይበቃም ተባለ። በዚያው ፍርድ ውስጥ ግን ሌላ ነገር ተጻፈ። በጀርመን የፍትሐ ብሔር ሕግ ትልቅ በካይ ኩባንያ በአየር ንብረት ለውጥ ለሚመጣ ጉዳት በመርህ ደረጃ ሊጠየቅ ይችላል። የቦታው ርቀት ማምለጫ አይሆንም። ገንዘቡን አላገኘም፤ መንገዱ ግን ተከፈተ።

ሁሉም ክስ እንዲህ አይሄድም። ኪቫሊና የምትባል የአላስካ መንደር ባሕሩ መሬቷን እየበላባት ነዳጅ ኩባንያዎችን በ2008 እ.ኤ.አ. ከስሳ ነበር። የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች ጉዳዩ የኛ አይደለም ብለው መለሷት። ሼል የተባለው የነዳጅ ኩባንያ በ2021 በኔዘርላንድስ፣ በሔግ ከተማ ፍርድ ቤት ብክለቱን እስከ 2030 በ45 በመቶ እንዲቀንስ ታዞ ነበር። በ2024 ይግባኝ ሰሚው ትእዛዙን ሻረው። የመቀነስ ግዴታ ግን አለበት አለ፣ ቁጥሩን ብቻ አልተቀበለም።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። ማስረጃው።

ከሳሽ ሁለት ነገር ማስረዳት አለበት። አንደኛ፣ ኩባንያው ምን ያህል አጨሰ? ይህ በአንጻሩ ቀሎ ተገኝቷል። ሪቻርድ ሂዲ የተባለ ተመራማሪ የኩባንያዎችን የምርት መዝገብ ለዓመታት ሲቆፍር ኖሮ፣ ከ1751 እስከ 2010 እ.ኤ.አ. ከወጣው የኢንዱስትሪ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ሜቴን 63 በመቶው ከ90 አምራቾች እንደሚመነጭ በ2013 አሳየ። ዘጠና! ስማቸው ተዘርዝሮ የሚያልቅ። አንዳንዶቹ የግል ኩባንያዎች ናቸው፣ አንዳንዶቹ የመንግሥት።

ሁለተኛ፣ ይህ ጉዳት የመጣው በእርግጥ ከሙቀቱ ነው ወይ? ሐረማያን እንውሰድ። ሐይቁ ሲደርቅ ስንቱ «የአየር ንብረት ለውጥ ነው» አለ። ግን ውሃው ለከተማ ይሳብ ነበር፣ ለጫትና ለአትክልት በፓምፕ ይቀዳ ነበር፣ ከደጋው የታጠበ አፈር ሐይቁን ይሞላው ነበር። በሐረማያ የነዳጅ ኩባንያ ብትከስ ጠበቃው አምስት ደቂቃ አይፈጅበትም። የራስን ጥፋት በሌላ ማመካኘት እውነተኛውንም ክስ ያበላሻል።

ለዚህ ነው የመንስኤ ልየታ የሚባለው ሳይንስ የመጣው። ባለሙያዎቹ በኮምፒውተር ሁለት ዓለም ያወዳድራሉ፦ የሞቀውን የኛን ዓለምና ሰው ባያሞቀው ኖሮ የሚኖረውን። ከዚያ አንድ ድርቅ ወይም ጎርፍ በየትኛው ዓለም ላይ ስንት ጊዜ እንደሚመጣ ይቆጥራሉ። ወርልድ ዌዘር አትሪቢውሽን የተባለ ቡድን ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ የአፍሪካ ቀንድን የመታውን ድርቅ በዚህ መንገድ አጥንቷል። ደቡብ ኢትዮጵያን፣ ደቡብ ሶማሊያንና ምሥራቅ ኬንያን ነው ያየው። የአየር ንብረት ለውጥ ያንን ድርቅ ቢያንስ 100 ጊዜ ይበልጥ ሊከሰት የሚችል አድርጎታል ብሎ በ2023 ደመደመ። ይህን ግመሉ ላለቀበት አርብቶ አደር ንገረው። ያ ሰው መኪና የለው፣ ፋብሪካ የለው።

እኛ ጋ ሕጉ ምን ይላል? ባዶ አይደለንም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2028 በጥፋቱ በሌላው ላይ ጉዳት ያደረሰ ይካስ ይላል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ አካባቢ የማግኘት መብት ይሰጣል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ ሰው ብዙ የማያውቀው ነገር አለው። ማንም ሰው፣ እኔ ራሴ ተጎድቻለሁ ማለት ሳያስፈልገው፣ ብክለት የሚያደርስን አካል ለአካባቢ ጥበቃው መሥሪያ ቤት መክሰስ ይችላል። መልስ ካላገኘ ወይም መልሱ ካላረካው ፍርድ ቤት ይሄዳል። ሆኖም ሂውስተን ወይም ለንደን ያለን ኩባንያ ድሬዳዋ ፍርድ ቤት አቁሞ መርታት ሌላ ነው፣ ፍርዱን ማስፈጸም ደግሞ ሌላ። የፔሩው ገበሬ ወደ ኤሰን የሄደው ለዚህ ነው።

በሐምሌ 2025 እ.ኤ.አ. አንድ ተጨማሪ በር ተከፍቷል። ቫኑዋቱ የምትባል ትንሽ የደሴት አገር ባነሳሳችው ጥያቄ መሠረት ዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት የምክር አስተያየቱን ሰጠ። መንግሥታት በሥራቸው ያሉ ኩባንያዎችን የመቆጣጠር ግዴታ አለባቸው አለ። ነዳጅ እንዲወጣ ፈቃድና ድጎማ መስጠት ራሱ መንግሥትን በዓለም አቀፍ ሕግ ሊያስጠይቅ ይችላል አለ። አስገዳጅ ፍርድ አይደለም። ነገ ግን ሌላ ዳኛ ይጠቅሰዋል።

ከዚህ ጋር የሚምታታ አንድ ነገር አለ፦ የጉዳትና ኪሳራ ፈንድ። በአየር ንብረት ለውጥ የሚጎዱ አገሮችን ለመርዳት በ2022 አገሮች ግብፅ ውስጥ፣ ሻርም ኤል ሼክ ላይ የተስማሙበት ነው። እሱ መንግሥታት በፈቃዳቸው የሚያዋጡት ገንዘብ ነው። ጥፋተኛ አይባልበትም፣ ዳኛ የለውም። ክስ የሚለየው በዚህ ነው፤ እዚያ ተከሳሽ ስሙ ተጠርቶ ይቆማል።

ባጃጁ መጋላ ሲደርስ ሹፌሩን በዚያ የጎርፍ ሌሊት የት እንደነበር ጠየቅኩት። ሕፃን ነበርኩ አለ፤ ታላቅ ወንድሙ ጣሪያ ላይ አውጥቶት ነው የተረፈው። ቤታቸው የነበረበትን ቦታ በእጁ አሳየኝ። አሁን ሌላ ግንብ ቆሞበታል። «ውሃው እስከዚህ ነበር» ብሎ እጁን ከራሱ በላይ ዘረጋ። የተጻፈ ነገር አላችሁ ወይ አልኩት፤ የጠፋው ዕቃ ዝርዝር፣ ፎቶ፣ ምንም?

«እናቴ ታስታውሳለች» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ እኔም ደብተር ይዣለሁ። ደቻቱ በሞላ ቁጥር ቀኑን፣ ሰዓቱንና ውሃው የደረሰበትን ድንጋይ እጽፋለሁ። የሹፌሩን እናት ደግሞ ቅዳሜ አገኛታለሁ።