ኦይኖፕስ ምንድን ነው? የሆሜር «ወይን መልክ» ባሕር

የጥንቱ ግሪካዊ ባለቅኔ ሆሜር በኢሊያድና በኦዲሲ ግጥሞቹ ባሕርን «ኦይኖፕስ»፣ ማለትም ወይን መልክ፣ ይለዋል። «ሆሜር ባሕሩን ወይን ጠጅ ያለው የጥንት ግሪኮች ሰማያዊ ቀለም ማየት ስለማይችሉ ነው» የሚለውን አባባል ሰሞኑን እንደገና አነበብኩት። ጸሐፊው ጥርጣሬ የለውም። እኔ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም።

የሐሳቡ ምንጭ ይታወቃል። ኋላ አራት ጊዜ የብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት ዊሊያም ግላድስቶን በ1858 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት በሆሜር ግጥሞች የቀለም ስሞች ጥቂት መሆናቸውን አስተዋሉ። ማስተዋላቸው ትክክል ነበር፤ ከዚያ ተነሥተው የዘመኑ ሰው ቀለም የመለየት ችሎታ ገና አልዳበረም ማለታቸው ግን ስሕተት ነው። ስም ማጣት ዓይን ማጣት አይደለም። በኦዲሲ የንጉሥ አልኪኖስ ግድግዳ በክያኖስ፣ ማለትም በሰማያዊ የመስታወት መሰል ጌጥ፣ የተከበበ ነው፤ በጥንታዊቷ የግሪክ ከተማ በቲሪንስ ቁፋሮም በሰማያዊ መስታወት ያጌጠ የግድግዳ ቅርጽ ተገኝቷል። ያላዩትን ቀለም ማን መርጦ ይሠራበታል?

ኦይኖፕስ ከሁለት ቃላት የተሠራ ነው፤ ኦይኖስ ወይን ጠጅ፣ ኦፕስ ደግሞ ፊት ወይም መልክ ነው። «ጥቁር» የሚል ፍንጭ በቃሉ ውስጥ የለም። ጥቁረቱን የጨመሩት የእንግሊዝኛ ተርጓሚዎች ናቸው፤ እኛም ከእነርሱ ቀድተን «እንደ ወይን የጠቆረ ባሕር» እንላለን።

ደግሞስ ኦይኖፕስ ባሕር ብቻ ነውን? በኢሊያድም በኦዲሲም 13ኛ መጽሐፍ ማረሻ የሚጎትቱ ጥማድ በሬዎች በዚሁ ቃል ተጠርተዋል። የእኛ ገበሬ በሬውን «ወይኖ» ሲል ዓይኑን የሚጠራጠር የለም። ከሦስት ሺህ ዓመት በኋላ ከአማርኛ የተረፈው የእርሻ ዘፈን ብቻ ነው እንበል። ወይኖና ቡሬ ይገኙበታል፤ ሰማያዊ የሚለው ቃል ላይገኝ ይችላል። ታዲያ ያ ገበሬ ቀኑን ሙሉ ከራሱ በላይ የነበረውን ሰማይ አላየውም ሊባል ነው?

እርግጥ ወይኖ ከበሬ አልፎ ሐይቅ አይጠራበትም፤ የግሪኩ ቃል ግን ተሻግሯል። የበሬን ቆዳና ባሕርን የሚያገናኛቸው ምንድን ነው? እኔ እንደማነበው፣ በጠቆረ ገጽ ላይ የሚንቀሳቀስ ብርሃን ነው። ሆሜር ወይኑን ራሱን ብዙ ጊዜ «አይቶፕስ» ይለዋል፤ የሚያበራ፣ የሚያብለጨልጭ ማለት ነው።

የስንኙንም ልክ መርሳት አይገባም። «ኤፒ ኦይኖፓ ፖንቶን» (በወይን መልክ ባሕር ላይ) የሚለው ሐረግ የሄክሳሜትርን፣ ማለትም ሆሜር የሚገጥምበትን ባለ ስድስት ምት ስንኝ፣ መጨረሻ ልክክ አድርጎ ይሞላል፤ ሌላ ልክ ሲያስፈልግ ባሕሩ ጭጋጋማ ወይም ዓሣ የሞላበት ይሆናል። የሆሜር አጥኚው ሚልማን ፓሪ በ1928 እ.ኤ.አ. ያሳየው ይህን የቅጽሎች ሥርዓት ነው። በሐረጉ ውስጥ የ«ኤፒ» መጨረሻና የ«ኦይኖፓ» መጀመሪያ አናባቢዎች ሳይዋዋጡ የሚገናኙት ኦይኖስ ቀድሞ «ዎይኖስ» ስለነበረ ነው። ግሪኩ የጣለው «ወ» በእኛ «ወይን» ውስጥ ዛሬም ይሰማል። ቃላቱ ይዛመዳሉ፤ ማን ከማን እንደወሰደ ግን ክርክሩ አልተቋጨም። በኢሊያድ 1ኛ መጽሐፍ ጀግናው አኪሌስ እያለቀሰ በሚያየው ባሕር ላይም የጥንቱ የሆሜር ሊቅ አሪስጣርኮስ በኦይኖፕስ ፈንታ «ወሰን የሌለው» የሚለውን ንባብ መርጧል። ስለዚህ ቃሉ ስንት ጊዜ እንደሚገኝ ስትቆጥሩ ተጠንቀቁ።

ቃሉን በትክክል ለመስማት የኦዲሲን 13ኛ መጽሐፍ ክፈቱ። ሁለት ወይን መልክ በሬዎች ቀኑን ሙሉ ሲያርሱ ውለዋል፤ አራሹ እራቱን ናፍቆ ጉልበቱ እየተብረከረከ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የግጥሙ ጀግና ኦዲሲዩስም ፀሐይዋ እስክትጠልቅ የጓጓው እንደዚያ ነው። በዚያው ሌሊት የንጉሥ አልኪኖስ መርከብ ወደ አገሩ ትወስደዋለች።