«ሜጋ» ሲሉን ቢት ነው ባይት?

ደብረ ብርሃን የምትኖረው የእህቴ ልጅ የፊዚክስ ትምህርት ቪዲዮ ልታወርድ ጋቢዋን ተከናንባ ተቀምጣ፣ «ኢንተርኔቱን 4 ሜጋ ነው ብለው አስገቡልን፤ ታዲያ ለምን ይንቀረፈፋል?» አለችኝ።

የመስመር ፍጥነት የሚለካው በሜጋቢት በሰከንድ፣ የፋይል መጠን ግን በሜጋባይት ነው። 1 ባይት 8 ቢት ስለሆነ፣ የእነርሱ መስመር በሰከንድ የሚያወርደው ግማሽ ሜጋባይት ብቻ ነው። 300 ሜጋባይት የሆነው ቪዲዮዋ፣ መስመሩ ሙሉ ፍጥነቱን ቢሰጥ እንኳ 10 ደቂቃ ይፈጃል። ወንድሟ በጎን ፊልም ከከፈተማ ይብሳል። የሞባይል ጥቅል ደግሞ በሜጋባይት ሲሸጥ የሚነግረን መጠኑን እንጂ ፍጥነቱን አይደለም።

በ2012 ዓ.ም. የጸደቀው የ«ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» ስትራቴጂ አገልግሎቶችን ወደ ኢንተርኔት ለማምጣት ያለመ ነበር፤ ደስ ይለኛል። የመንዝም ተማሪ እንዲጠቀም ግን ውሉ ላይ «ሜጋቢት በሰከንድ» ተብሎ በግልጽ ይጻፍለት።