«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም»፦ ትርጉሙና አጠቃቀሙ

ይህ አነጋገር በሁለት መልክ ይነገራል። አንዱ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም»፣ ሌላው «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» ነው። ፍሬ ነገሩ አንድ ነው፤ ችግሩን ሊረዳው ለሚችል ሰው ያልገለጠ መፍትሔ አያገኝም። ምስሉ የተወሰደው ከሕክምና ነው። ላቦራቶሪና ራጅ ባልነበረበት ጊዜ ባለመድኃኒቱ ቅጠሉንና ሥሩን የሚመርጠው ዓይኑ ያየውን፣ እጁ የዳሰሰውንና ታማሚው የነገረውን ይዞ ነው። ዛሬም ሕመም በደም ምርመራ አይለካም፤ ሐኪም «ከ0 እስከ 10 ስንት ትሰጠዋለህ?» የሚለው ለዚህ ነው።

አነጋገሩን የሚገዳደረው ሌላ አባባል አለ፤ «ሆድ ይፍጀው»። ችሎ መያዝ እንደ ጨዋነት ስለሚቆጠር ብዙ ሰው ሐኪም ፊት ተቀምጦም «እንዴት ነህ?» ሲባል «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ወይም «አልሐምዱሊላህ» ይላል። «ምንህን ነው የሚያምህ?» ተብሎ ሲጠየቅ ደግሞ «ብቻ አሞኛል» ብሎ ያቆማል። ይህ ግማሽ መደበቅ ነው፤ ምሳሌያዊ አነጋገሩም በዋናነት መነገር ያለበት ለዚህ ሰው ይመስለናል።

አማርኛ ሕመምን ለይቶ ለመናገር ብዙ ግሦች አሉት። ሆድን እየመጣ እየሄደ ሲይዝ «ይቆርጠኛል»፣ ጎንን በተለይ ሲተነፍሱ ሲነካ «ይወጋኛል»፣ ራስን ሲከፍል «ይፈልጠኛል» ይባላል። ጥርስ ወይም የመገለ ቁስል «ይጠዘጥዛል»፣ መገጣጠሚያና አጥንት «ይቆረጥማል»፣ ጨጓራ ወይም ሽንት «ያቃጥላል»፣ ከወገብ ወደ እግር እንደ ኤሌክትሪክ የሚወርደው «ይነዝራል»። ጊዜውም በግሡ ይታወቃል፤ «እያመመኝ ነው» አሁን ያለውን፣ «ያመኛል» የሚመላለሰውን ይናገራል። «ደረቴን ይጫነኛል» ያለ ሰው ላብ ካጠመቀው፣ ወይም ሕመሙ ወደ ግራ ክንዱና ወደ መንጋጋው ከሄደ ግን ተጨማሪ ጥያቄ ሳይጠበቅ ወዲያው ሆስፒታል መድረስ አለበት።

ለምሳሌ ድሬዳዋ ላይ ይህ ልዩነት ከቋንቋ ውበት ያለፈ ጥቅም አለው። ከተማዋ ቆላ ናት፤ ወባ አለ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የዴንጊ፣ በ2019 ደግሞ የቺኩንጉንያ ወረርሽኝ አይታለች (ሁለቱም በትንኝ የሚተላለፉ የትኩሳት በሽታዎች ናቸው)። ሦስቱም በትኩሳትና በራስ ምታት ስለሚጀምሩ «ምች ነው» ተብሎ ዳማከሴ ተጨምቆ ይጠጣና ቀኑ ያልፋል። ዳማከሴው ላብ ቢያወጣም ወባን አያድንም፤ አደገኛው የወባ ዓይነት ደግሞ በ24 ሰዓት ውስጥ ሊከፋ ይችላል። ስለዚህ «አተኮሰኝ» ብቻ ሳይሆን «ከዓይኔ ጀርባ ያመኛል» (ዴንጊን ያስጠረጥራል) ወይም «ጣቶቼንና ቁርጭምጭሚቴን ቆረጠመኝ፣ መራመድ አቃተኝ» (ቺኩንጉንያን ያስጠረጥራል) ብሎ መናገር ምርመራውን ያቀናል። ከምርመራው በፊት አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌን ወይም ዲክሎፌናክ መዋጥ አይገባም፤ ዴንጊ ከሆነ መድማትን ያባብሳሉ። ፓራሲታሞል ይሻላል፤ ጉበቱ ጤነኛ ለሆነ አዋቂ ባለ 500 ሚሊግራሙ ከ1 እስከ 2 ፍሬ በየ6 ሰዓቱ፣ በቀን ከ8 ሳይበልጥ። ዴንጊ ላይ ሰው የሚዘናጋው ትኩሳቱ ሲወርድ ነው። ያኔ ብርቱ የሆድ ሕመም፣ የማያቋርጥ ትውከት ወይም የድድ መድማት ከመጣ ወደ ሐኪም ተመልሶ መሄድ ግድ ነው።

አንድ ነገር እዚህ ይነሳ። ኦሮምኛ ወይም ሶማልኛ ብቻ የሚናገሩ እናት ልጃቸውን አስተርጓሚ አድርገው ሲመጡ፣ እሳቸው ብዙ ተናግረው ልጁ «ሆዷን አሟታል» ብሎ ይጨርሰዋል። እሳቸው አልደበቁም፤ መንገድ ላይ ነው የጠፋው። አስተርጓሚ ማሳጠር የለበትም፤ የት፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ምን ሲያደርጉ እንደሚብስ ሁሉንም ያድርስ።

ከሕክምና ውጭ አነጋገሩ በዕዳ፣ በትዳርና በንግድ ይመጣል። በድሬዳዋው ቀፊራ ገበያ ውስጥ ዱቤ የከበደው ነጋዴ ለሸሪኩ ሳይነግር ሲቆይ፣ ባልና ሚስት ሽማግሌ ፊት ተቀምጠው ሁለቱም ዝም ሲሉ ይነገራል። ለእኩያ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ ተናገር እንጂ!» ይባላል። ለታላቅ ግን በቀጥታ አይወረወርም፤ «በሽታውን የደበቀ ይባል የለ፣ አባባ? ይንገሩኝ እስቲ» ተብሎ ይለሰልሳል። ሰው በተሰበሰበበት ምስጢር ለማስወጣት መጠቀም ነውር ነው፤ አነጋገሩ የሚለው መድኃኒቱ በእጁ ላለ ሰው ንገር ነው እንጂ ለሁሉ ንገር አይደለም። ተናግሮ ሰሚ ላጣ ሰውም አይነገርም። እሱ በሽታውን አልደበቀም፤ ጥፋቱ የአድማጩ ነው።